የባሕር ዳር ፀሐይ የምትመጣው ከላይ ነው፦ የሶላር ውኃ ማሞቂያ በግድግዳ ላይ ይሠራ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሕንጻ ንድፍ ባለሙያ ስለ ባሕር ዳር ፎቆች የጻፉትን አነበብኩ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከተማዋ በፀሐይ የታደለች ሆና ሳለ ሆቴሎቿና የእንግዳ ማረፊያዎቿ ውኃ የሚያሞቁት በኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ጣሪያ ላይ የሚደረደሩት የሶላር ማሞቂያዎች ደግሞ ቦታ ይፈጃሉ፤ የከተማዋንም መልክ ያበላሻሉ። ስለዚህ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ እንደሚደረገው ሙቀት ሰብሳቢው ሰሌዳ የሕንጻው የውጭ ግድግዳ አካል ይሁን፤ መስታወትና አልሙኒየም በምንለብጥበት ፊት ላይ ውኃ የሚያሞቅ መስታወት እንለብጥ፤ የከተማ አስተዳደሩም ለአዳዲስ ሕንጻዎች ፈቃድ ሲሰጥ ይህንኑ ግዴታ ያድርግ። ምክንያቶቻቸውን በየተራ ዘርዝረዋል፤ እኔም በየተራ እመልሳለሁ።

ከዓላማቸው ጋር ጠብ የለኝም። የሕንጻ ቧንቧና የሙቅ ውኃ ሥራ የምነድፍ ሰው ስለሆንኩ፣ ጣሪያው ላይ ፀሐይ እየነደደች ከታች በኤሌክትሪክ ውኃ ሲሞቅ ማየት ከማንም በላይ ያንገበግበኛል። የምከራከረው ስለ ቦታው ብቻ ነው። ጸሐፊው ሰሌዳውን ያወጡት ፀሐይዋ በማትደርስበት ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ኢትዮጵያ ከአውሮፓ የበለጠ ፀሐይ ስላላት በአውሮፓ ግድግዳ ላይ የሠራ ነገር በባሕር ዳር ግድግዳ ላይ ይበልጥ ይሠራል የሚል ነው። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር አግድም መሬት ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ጉልበት እንደሚያርፍ እሙን ነው። ልብ በሉ፤ አግድም መሬት ላይ ነው ያልኩት። ግድግዳ አግድም አይደለም።

ባሕር ዳር የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ትክክል ታልፋለች፦ አንዴ ሚያዝያ 12 ገደማ፣ ሁለተኛ ነሐሴ 16፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ዕለት ገደማ። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት አራት ወራት የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት። ይህን ለማመን መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በግቢ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መትከል ይበቃል። ታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሰኔ 14 ደመና ካልከለከለ ጥላው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሆንና ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። ጸሐፊው ሰሌዳ ሊለጥፉበት ያሰቡት የደቡብ ግድግዳ በዚያ ሰዓት ራሱ ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው።

አሁን ቪየናን እንመልከት። ቪየና በ48 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ ከአድማስ በላይ ከፍ የምትለው 18 ዲግሪ ብቻ ነው። እንዲህ ዝቅ ብላ የምትመጣ ፀሐይ ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳን ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ከጨረሩ 95 በመቶው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ በጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ የሚያርፈው 32 በመቶ ያህል ነው። ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ግድግዳን የመረጠው ስሌቱ ስላስገደደው ነው። ላይ ጣሪያው በበረዶ ይሸፈንበታል፤ መሬት ላይ ያረፈው በረዶ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ወደ ግድግዳው ይወረውርለታል። በሞቃቱ ወራት ቤቱ የማይፈልገውን ትርፍ ሙቀት ግድግዳው አለመሰብሰቡም ለእርሱ ጥቅም ነው። እኛ ዘንድ በረዶ የሚባለው በክረምት እንደ ጠጠር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። (ጸሐፊው ይህን አላነሱትም እንጂ፣ ለግድግዳው ከሚቆሙት ምክንያቶች ውስጥ በረዶ መስታወቱን በቀጥታ አለመምታቱ አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። ጥሩ ሰሌዳ ግን የሚሠራው በጠነከረ መስታወት ስለሆነ የተለመደውን በረዶ ይችላል።)

ያንኑ ስሌት ለባሕር ዳር እንሥራው። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ 55 ዲግሪ ከፍ ትላለች። የደቡብ ግድግዳ ከጨረሩ 57 በመቶ ያህል ያገኛል፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ 82 በመቶ፤ ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ሰሌዳ ደግሞ 92 በመቶ። ይህ እንግዲህ ለግድግዳው ከሁሉ የተሻለው ቀን ነው። በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ የደቡብ ግድግዳው ድርሻ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም ቀትር ላይ ብቻ የሚገኝ ከፍተኛው መጠን ነው፤ በሌላው ሰዓት ከዚህም ያንሳል። ለዚያውም ጨረሩ መስታወቱን የሚነካው በጣም በጎን ስለሆነ ከ20ውም ቢሆን ብዙው ተንጸባርቆ ይመለሳል። መስታወት ጨረር ከ60 ዲግሪ በላይ ተጋድሞ ሲመጣበት በብዛት መመለስ ይጀምራል፤ እዚህ ያለው 78 ዲግሪ ነው። በሰኔ ዜሮ። ዝናብ ከላይ ሲወርድ ጋን በጎኑ አስተኝቶ እስኪሞላ መጠበቅ ማለት ነው።

ክረምቱን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው በደመና ጊዜም ሰሌዳው ከተበታተነው ብርሃን ሙቀት ይሰበስባል ብለዋልና። እውነት ነው፣ ይሰበስባል። ነገር ግን የተበታተነ ብርሃን የሚመጣው ከሰማዩ ሁሉ ነው። ጣሪያ ላይ የተኛ ሰሌዳ ሰማዩን በሙሉ ያያል፤ ግድግዳ ላይ የቆመ ሰሌዳ የሚያየው ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ መንገዱና የጎረቤት ፎቅ ነው። ከመሬት የሚንጸባረቀው ብርሃን ትንሽ ይክሳል እንጂ ልዩነቱን አይሞላውም። ስለዚህ ሰማዩ ለሳምንት በማይገለጥበት በሐምሌ፣ እንግዳው በዝናብ ርሶ ገብቶ ሙቅ ሻወር በሚጠይቅበት ጊዜ፣ የደቡብ ግድግዳው ቀጥተኛውን ጨረር ጨርሶ አያገኝም፤ የተበታተነውንም በግማሽ ነው የሚያገኘው።

በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ያስገረመኝ ግን በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ምሳሌ ሆነው መቅረባቸው ነው። ወደ ጣና የሚያዩት ሰፋፊ የመስታወት ፊቶች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው ይላሉ። ባሕር ዳር የተቀመጠችው በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ከከተማዋ ሐይቁን የሚያይ ፊት በአብዛኛው የሚያየው ወደ ሰሜን ነው። ይህ ፊት የቀትር ፀሐይ የሚያገኘው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ክረምት ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት ሁሉ፣ ያ ግድግዳ ጥላ ነው። ሆቴሎቹ በረንዳቸውን ወደዚያ ያዞሩት ለእይታው ነው፤ እንግዳው ከሰዓት በኋላ ቡናውን ይዞ ሳይቃጠል የሚቀመጠውም ፀሐይ ስለሌለ ነው። ንድፍ የሚሠራ ሰው የሰሜንን አቅጣጫ ሳያይ ስለ ፀሐይ ሊጽፍ መነሣቱ ግርም ይለኛል።

ጠበቃቸው ብሆን ኖሮ ሌላ ነገር አነሳ ነበር፤ የምሥራቁንና የምዕራቡን ግድግዳ። በእኛ ኬክሮስ ላይ ዓመቱን ሙሉ የተሻለ ፀሐይ የሚያገኙት እነዚህ ናቸው። በመስከረም አጋማሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የምሥራቅ ግድግዳ ከጨረሩ 70 በመቶ ያህል ይቀበላል፤ የምዕራቡም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንዲሁ። ጉዳቱ እያንዳንዱ የሚሠራው ግማሽ ቀን መሆኑ ነው፤ ቀትር ላይ ሁለቱም ባዶ ናቸው። በክረምት ደግሞ ሰማዩ ጠዋት ገለጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ መጥቆሩ የተለመደ ስለሆነ የምዕራቡ ግድግዳ ተራው ሲደርስ ደመናው ይቀድመዋል። ቢሆንም ይህ ሊወራበት የሚችል ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ግን አንድም ቦታ አላነሱትም፤ የተከተሉት የአውሮፓውን ሥዕል ነውና፣ በዚያ ሥዕል ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ደቡብ ነው።

ምሳሌ ከተፈለገ በኬክሮሳችን ላይ መፈለግ ይሻላል። ባርቤዶስ በ13 ዲግሪ ላይ ያለች ደሴት ናት፤ ፀሐይዋ ከእኛ ፀሐይ ጋር ተመሳሳይ መንገድ ትሄዳለች። መንግሥቷ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሶላር ውኃ ማሞቂያ የቀረጥና የግብር ማበረታቻ ሰጥቶ ዛሬ በዓለም ላይ በነፍስ ወከፍ ብዙ ማሞቂያ ካላቸው አገሮች አንዷ አድርጓታል። ማሞቂያዎቹ ያሉት ጣሪያ ላይ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሙቅ ውኃ የሚጠቀሙ ሕንጻዎች ሶላር እንዲያስገቡ ስትጠይቅ ስለ ግድግዳ አልተጨነቀችም።

ሁለተኛው ነጥባቸው የጣሪያ ጥበት ነው። ፎቅ ሲረዝም የሚኖርበት ሰው ይበዛል፤ ጣሪያው ግን ያው ነው ይላሉ። ሐሳቡ ለሠላሳና ለአርባ ፎቅ ሕንጻ ያስኬዳል። ለባሕር ዳር እንደሚሆን ለማየት አንድ ሆቴል በወረቀት ላይ እንሥራ። ሕንጻው ጂ ፕላስ ሰባት ይሁን፤ ወለሉ 20 በ20 ሜትር። ጣሪያው 400 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ለአሳንሰር ማሽን ቤት፣ ለሮቶዎች፣ ለደረጃ መውጫና ለዲሽ ግማሹን እንቀንስ፤ 200 ካሬ ሜትር ቀረ። እንግዶቹ 100 ይሁኑ፤ እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ሙቅ ውኃ ይጠቀም። ውኃውን ከ20 ዲግሪ ወደ 55 ለማድረስ በቀን 203 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ በቀን 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ተቀብሎ 45 በመቶውን ብቻ ወደ ውኃው ቢያስገባ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 82 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ነው። በእኛ አገር ሰሌዳው የሚያዘነብለው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ብዙ አያጠላም፤ መተላለፊያውን ጨምረን 110 ካሬ ሜትር ብንመድብለት እንኳ ከቀረው ጣሪያ ላይ ሌላ 90 ይተርፋል። በደመናማው ወር ቦይለሩ ያግዝ፤ ማንም ይነቀል አላለም።

ጣሪያ ጠበበ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው አስቀድሞ ስላልታሰበበት ነው። ሮቶው አንድ ጥግ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ዲሽ በየክፍሉ ቁጥር ይተከላል፤ የተረፈ ብሎኬትና ፌሮ ሕንጻው ከተመረቀ በኋላም እዚያው ይከርማል። ያንን አጽድቶ ቦታ ማውጣት ስምንት ፎቅ ግድግዳ በቧንቧ ከመወጠር ይቀላል።

ስለ ዋጋ ያነሱት ነጥብ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው። ሰሌዳው የግድግዳውን ልባስ ስለሚተካ የልባሱ ወጪ ይቀነሳል ይላሉ። ውድ ልባስ ለሚደረግበት ፊት ይህ ይሠራል። ነገር ግን በከተማችን በአልሙኒየም ክላዲንግና በመስታወት የሚለበጠው በአብዛኛው ወደ ዋናው መንገድ የሚያየው ፊት ነው፤ የጎንና የኋላ ግድግዳው ብሎኬት፣ ልስንና ቀለም ነው። መንገዱ ደግሞ ለፀሐይ ተብሎ አልተቀየሰም። ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ልባሱ ቀለም ብቻ ከሆነ ሰሌዳው የሚተካው የቀለምን ዋጋ ነው።

በተጨማሪም ለግድግዳ የሚሆን ሰሌዳ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በየሕንጻው ልክ፣ ከመስኮቱ ስፋትና ከወለሉ ከፍታ ጋር ተመጥኖ፣ በትእዛዝ የሚሠራ ነው። ለጣሪያ የሚሆነው በአብዛኛው ከቻይና በመደበኛ መጠን የሚመጣ ስለሆነ ቱቦው ቢሰበር፣ ላስቲኩ ቢበላ ምትኩ ይገኛል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ ሆኖ ሳለ፣ አንድ መስታወት ቢሰነጠቅ ከአውሮፓ በልክ አሠርቶ የሚያስመጣ የሆቴል ባለቤት ስንት እንደሆነ ጸሐፊው ራሳቸው ይገምቱት።

ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ሙቀት መከላከያ ሕንጻውንም ይጠቅማል የሚለው አራተኛ ነጥብ ሙሉ በሙሉ ከብርድ አገር የተቀዳ ነው። በኦስትሪያዋ ግላይስዶርፍ ወይም በስዊዘርላንዷ ሎዛን የግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሕግ ግዴታ ነው፤ ሰሌዳው ከእርሱ ጋር ሲዋሐድ አንድ ሥራ ይቀንሳል፤ ወደ ውስጥ የምታመልጠውም ሙቀት ቤቱን ታሞቃለች። ፈረንሳዊው ፊሊክስ ትሮምብ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፒሬኔ ተራሮች በኦዴዮ የሠራው ከመስታወት በስተጀርባ የቆመ ጥቁር ግድግዳም የታሰበው ለዚሁ ነው፤ ቀን ጠጥቶ ሌሊት ለክፍሉ እንዲሰጥ። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በሚያዝያ ቀኗ 30 ዲግሪ የሚነካ ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ለዚያ ግን ጋቢ በቅቶናል። ለቤቱ ማሞቂያ የሚያስገባ ሰው እምብዛም የለም። በዚህ አገር የምዕራብ ግድግዳ ያለው ክፍል ማታ ላይ እንደ ልብ የማያስተኛ ሆኖ ሳለ፣ ግድግዳው ውስጥ ውኃ ሳይዘዋወርበት ሲቀር ከ150 ዲግሪ በላይ ሊግል የሚችል ብረት መቅበር የሚመከር አይደለም። ከሰሌዳው ጀርባ አየር የሚመላለስበት ክፍተት ከተተወ ይህ ችግር ይቀንሳል፤ እንዲያውም ሰሌዳው ለምዕራቡ ግድግዳ ጥላ ይሆናል። ጸሐፊው የደገፉት ግን ክፍተት የሌለውን፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀውን ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈውን ጥገናን ቆም ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈርሰው እዚያ ነውና። ውኃ ተቋርጦ ሮቶው ባዶ የቀረበትን ቀን አስቡ። ወይም መብራት ጠፍቶ ፓምፑ የቆመበትን። ፀሐይዋ አትቋረጥም። በሰሌዳው ውስጥ የቀረው ውኃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ወደ ቧንቧው ይገፋል። ቧንቧው እኛ በየቤቱ የምንዘረጋው ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ከ70 ዲግሪ በላይ እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም፤ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ በመጋጠሚያው ላይ ይሳባል፣ በመጨረሻ ያንጠባጥባል። ይህ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ቧንቧ ሠራተኛው በደረጃ ይወጣል፤ እርጥቡን በዐይኑ ያያል፤ መጋጠሚያውን ቆርጦ በመዳብ ወይም በጋልቫናይዝድ ይተካል፤ ከምሳ በፊት ይወርዳል።

አራተኛ ፎቅ ግድግዳ ውስጥ ሲደርስስ? መጀመሪያ የሚታየው ነገር በአንድ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ከአልጋው ራስጌ በላይ ቀለሙ ማበጡ ነው። የክፍል አጽጂዋ ለኃላፊው ትነግራለች። ኃላፊው ቀለም ቀቢ ይጠራል። ቀቢው ፍቆ ይቀባዋል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ያብጣል። ያኔ ቧንቧ ሠራተኛው ተጠርቶ ከላይኛው ክፍል ይሁን ከራሱ ለማወቅ የሁለት መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይሰብራል፤ እዚያ ምንም የለም። ውኃው የሚመጣው ከውጭ ነው። ወደ ውጭ ለመድረስ ከመሬት እስከ አራተኛ ፎቅ በባሕር ዛፍ መወጣጫ መታሰር አለበት፤ እግረኛ መንገዱ ይዘጋል። ከዚያ አንዱን ሰሌዳ ለማውጣት በላዩና በጎኑ ያሉት መነቀል አለባቸው፤ ማሸጊያው አንድ ላይ ነውና። በዚህ ሁሉ ጊዜ መስመሩ በሙሉ ስለሚዘጋ የቀሩት ሰሌዳዎች ባዶአቸውን በፀሐይ ይጋላሉ። እዚህ የደረሰ ባለቤት የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ መስመሩን ለዘለቄታው ያዘጋና ቦይለር ይገዛል።

ጣሪያ ላይ ያለው ተራ ማሞቂያ ፓምፕ እንኳ የለውም። ታንከሩ ከሰሌዳው በላይ ስለሆነ የሞቀው ውኃ ቀሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ከብዶ ይወርዳል፤ መብራት ኖረ አልኖረ መዞሩን አያቆምም። ይህንን በግድግዳ ላይም ማድረግ እንደሚቻል ጸሐፊው ሊመልሱልኝ ይችላሉ፤ ታንከሩን ጣሪያ ላይ፣ ሰሌዳውን ከሥሩ በማድረግ። ለላይኛው አንድ ወይም ሁለት ፎቅ ይሆናል። ከዚያ በታች ግን ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ሙቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለ ውበት የተናገሩትን በከፊል እቀበላለሁ። ሰማያዊ ታንከር፣ የዛገ የብረት እግርና የተንጠለጠለ ቧንቧ ከዘንባባዎቹ ጫፍ በላይ ሲታይ ደስ አይልም። ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ላየ ሰው ይህ ይበልጥ ይታያል። ነገር ግን መፍትሔው ቀላል ነው። ሰሌዳችን የሚያዘነብለው 12 ወይም 15 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ ጀርባው ከወለሉ የሚነሣው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ፓራፔት፣ ማለትም በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ የሚሠራው አጭር ግንብ፣ ከመንገድ ይሸፍነዋል። አስቀያሚው ታንከሩ ከሆነ ታንከሩን ከጣሪያው ሥር ክፍል ሠርቶ ማስገባትና ትንሽ ፓምፕ መጨመር ይቻላል። ሎዛን የሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ጥቁሩን ሰሌዳ ከዕይታ የሚሰውር ባለቀለም መስታወት መሥራቱን ጸሐፊው በአድናቆት ጠቅሰዋል፤ እኔም አደንቃለሁ፤ ግን ያ መስታወት የተሠራው ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ማውጣት ግድ ለሆነበት አገር ነው።

ግድግዳ ላይ አቧራ አይከማችም ማለታቸው ልክ ነው። በበጋ የባሕር ዳር አቧራ የተኛ መስታወትን በሳምንት ያለብሰዋል። መጥረጊያና አንድ ባልዲ ውኃ ይዞ የሚወጣ ሰው መመደብ አለበት።

ሰሌዳው የሕንጻው አካል ይሁን የሚለውን መነሻ ሐሳብ ግን ጥዬ መሄድ አልፈልግም፤ የተበላሸው ቦታው እንጂ ምኞቱ አይደለም። ጸሐፊው ንድፍ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ አንድ ነገር ላቅርብላቸው። በከተማችን ብዙ ሆቴሎች ላይኛውን ወለል የካፌ ሰገነት ያደርጉታል፤ ሐይቁ ከዚያ ይታያልና። ያ ሰገነት ጥላ ይፈልጋል፤ አሁን የሚሠራለት ጥላ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ነው፤ ቆርቆሮው ቀትር ላይ ከሥሩ የተቀመጠውን ያግላል። ያንን ጥላ በሙቀት ሰብሳቢ ሰሌዳ ቢሠሩት ጀርባው ሙቀት መከላከያ ያለው ስለሆነ ከሥሩ ይቀዘቅዛል፤ ከላዩ ውኃ ያሞቃል፤ ከመንገድ ሲታይ የሕንጻው አክሊል ይሆናል። ንድፍ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ከደቡብ መስኮቶች በላይ የሚወጣ አጭር መጋረጃ ሰሌዳም ሊታሰብ ይችላል። 70 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጥላ በታኅሣሥ ቀትር አንድ ሜትር ያህል ወደ ታች ያጠላል፤ መስኮቱን ከሙሉ ፀሐይ ያድነዋል። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይዋ ከሰሜን ስለምትመጣ ሕንጻው ራሱ በደቡብ ጎኑ ላይ ያጠላል፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሦስት ሜትር ዝቅ ያለ መጋረጃ በሰኔ ቀትር ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሆነው በጥላ ይሸፈናል። ስለዚህ ይህ የላይኛው ፎቅ ነገር ነው፤ በየወለሉ የሚደረደር አይደለም።

የመጨረሻው ጥያቄያቸው የፈቃድ ግዴታ ነው። ግዴታ ይኑር ከተባለ እኔ ከከተማ አስተዳደሩ የምጠይቀው ጥቂት፣ ርካሽና የሚታይ ነገር ነው። አዲስ ሆቴል ፕላን ሲያስገባ የጣሪያ ፕላኑ ላይ የሰሌዳው ቦታ ከሮቶውና ከዲሹ ተለይቶ ይሰመር። ሶሌታው፣ ማለትም የጣሪያው አርማታ ወለል፣ ሲሞላ የታንከሩ ክብደት ይታሰብ፤ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው። ከጣሪያ እስከ መታጠቢያ ቤቶች ቧንቧዎች በሚወርዱበት ክፍተት (ዳክት) ውስጥ ሙቀት የሚችል የሙቅ ውኃ ቧንቧ፣ ሙቀት መከላከያ ለብሶ፣ ከቀዝቃዛው ጋር አብሮ ይውረድ። አርማታ ከመሙላቱ በፊት የሚደረግ ቀዳዳ ምንም ማለት አይደለም፤ በኋላ በድንጋይ መሮ ሲፈለፈል ግን የፎርማኑን ፊት ማየት ነው። ባለቤቱ ዛሬ ገንዘብ ባይኖረው ሰሌዳውን ከአምስት ዓመት በኋላ ይገዛዋል፤ ቧንቧው ግን ይጠብቀዋል።

ጸሐፊው በሐሳባቸው ከጸኑ አንድ ሕንጻ ይምረጡ፤ እውነተኛ ቦታው፣ እውነተኛ አቅጣጫው፣ ከፊቱ የቆመው የጎረቤት ፎቅም ሳይቀር በሥዕሉ ላይ ይግባ። ግድግዳው በየወሩ ስንት ሊትር ውኃ ወደ 55 ዲግሪ እንደሚያደርስ ከጣሪያው ጎን ለጎን አስልተው ያውጡልን፤ እኔም አነበዋለሁ። ስሌቱ ሲመጣ ሰኔና ሐምሌ እንዳይዘለሉ አደራ።